የትራክተሬ ሞተር ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፤ ፖምፓው ነው ወይስ ብሮንዚናው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ አራት ሲሊንደርና ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ትራክተር አለኝ። የሰዓት መቁጠሪያው ከተበላሸ ስለቆየ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ በእርግጠኝነት ማወቅ አልቻልኩም፤ ከእኔ በፊት ወርዶ ስለመታደሱም የሚገልጽ ጽሑፍ የለም። ችግሩ የዘይት ግፊት ነው። ጠዋት በብርዱ ሲነሳ ጌጁ ወደ 4 ባር ይወጣል። ማረሻ ጎትቶ በደንብ ከሞቀ በኋላ ግን በ2,000 ዙር ከ1.8 ባር አያልፍም፤ ወደ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጠው ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ስመልሰው ደግሞ 0.7 አካባቢ ይወርድና የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ነዳጅ ትንሽ ስሰጠው መብራቱ ወዲያውኑ ይጠፋል።

ዘይቱን በአዲስ 15ደብሊው-40 ቀይሬ፣ ፊልትሮውንም አብሬ ብለውጥም ለውጥ አላየሁም። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ለጆሮ የሚከብድ ድምፅ የለውም፤ ሸክም ሲበዛበት ግን ከታች በኩል የታፈነ ማንኳኳት የምሰማ ይመስለኛል። ከመተንፈሻው ጥቂት ጭስ ይወጣል፤ የሚጨመርለት ዘይት ግን ይህን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። አንዱ መካኒክ የዘይት ፖምፓውን ቀይረው ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ብሮንዚናው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ ክራንኩ የሚዞርበት ማቀፊያ፣ ስለተበላ ሞተሩ መውረድ አለበት ብሎ ይከራከራል። በሁለቱ መካከል ያለው የወጪና የጊዜ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ ምንም ነገር ከመፍታቴ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለይቼ የማውቅበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

ሁለቱም መካኒኮች ገና ባልተለካ ነገር ላይ ፍርድ ሰጥተዋል። እስካሁን በእጅዎ ያለው መረጃ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ የሚናገረው ብቻ ነው፤ የቆየ ጌጅ፣ ያረጀ ሴንሰር ወይም የላላ የመሬት ሽቦ ደግሞ ጤነኛን ሞተር ታማሚ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሴንሰሩን ፈትተው በቦታው በቀጥታ ዘይቱ የሚገባበት መካኒካል ጌጅ ይሰሩ። የቀዳዳው ጥርስ በብዙ ሞተሮች ላይ የ1/8 ኢንች የቧንቧ ጥርስ ነው፤ ይሁንና የእንግሊዙና የአሜሪካው ጥርስ ተመሳሳይ እየመሰሉ ስለሚለያዩ፣ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ የሚጠነክርብዎት ከሆነ በቁልፍ አያስገድዱት። የተሰነጠቀ ብሎክ ከዝቅተኛ የዘይት ግፊት የባሰ ራስ ምታት ነው።

ንባቡን የሚወስዱት ሞተሩ ሸክም ይዞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይሁን፤ ውሃው ቶሎ ይሞቃል፣ ዘይቱ ግን ዘግይቶ ነው የሚከተለው። በሚኒሞ፣ በ1,000፣ በ1,500፣ በ2,000 እና በሙሉ ዙር የሚያዩትን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የመርፌውን ጠባይም ይመልከቱ። ዙር ሲጨምር ግፊቱ አብሮ እየወጣ ከሄደ አንድ ነገር ነው፤ ዙር ሲጨምር መርፌው እየተንቀጠቀጠ የሚወርድ ከሆነ ግን ፖምፓው ዘይት ከአየር ጋር እየሳበ ነው ማለት ስለሆነ፣ የመሳቢያው ወንፊት መዘጋት ወይም የመሳቢያው ቱቦ ማሸጊያ መሰንጠቅ ይጠረጠራል።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ጌጁ ላይ የሚወጡትን ቁጥሮች እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ነው።

ፖምፓ የሚሠራው ፍሰት እንጂ ግፊት አይደለም። ክራንክሻፍቱ በዞረ ቁጥር የተወሰነ መጠን ያለው ዘይት ወደ ዋናው መስመር ይገፋል፤ ያ ዘይት በብሮንዚናዎች፣ በካምሻፍቱ ቡሾችና በሮከር ዘንጉ በኩል ለመውጣት ሲታገል የሚገጥመው ተቃውሞ ነው ጌጁ ላይ ግፊት ሆኖ የሚታየው። መውጫው ሲሰፋ ወይም ዘይቱ ሲቀጥን ፖምፓው አዲስም ቢሆን ግፊቱ ይወርዳል። በብሮንዚናና በክራንኩ መካከል የሚያልፈው የዘይት መጠን ደግሞ ከክፍተቱ ኩብ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን በተመሳሳይ ግፊትና ቅጥነት የሚፈሰው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ የሆነ መበላት ጌጁን እንዲህ የሚያወርደው በዚህ ምክንያት ነው። በሚኒሞ ጊዜ ፖምፓው የሚልከው ዘይት በሙሉ ዙር ከሚልከው ሲሶ አካባቢ ስለሆነ፣ ሕመሙ ከሁሉ ቀድሞ በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ ይታያል። እርስዎ የገለጹትም ይህንኑ ነው።

በዘልማድ የሚሠራበት መለኪያ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር፣ ማለትም 10 ፒኤስአይ ያህል ነው። በዚህ ስሌት በ2,000 ዙር 1.4 ባር ሞተሩን ወዲያው አይገድለውም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የትራክተር ናፍጣ ሞተሮች በሥራ ሙቀትና በሙሉ ዙር ከ2 ባር በላይ፣ ጤነኞቹም ከ3 እስከ 4 ባር እንዲሰጡ ይጠበቃል። ለእርስዎ ሞተር የመጨረሻው ዳኛ የአምራቹ ማኑዋል ስለሆነ ዝቅተኛውን ቁጥር ከዚያ ይፈልጉ።

በብርድ 4 ባር መድረሱ አንድ ነገር ይነግረናል። የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በቆሻሻ ተይዞ ወለል ብሎ ቢከፈት ኖሮ ወይም ሞላው ቢሰበር ኖሮ በብርድም ይህን ያህል አይወጣም ነበር። ቫልቩ ከጥፋት ነፃ ነው አልልም፤ ትንሽ የሚያፈስ መቀመጫ ወፍራም ዘይት ሲሆን አይታወቅበትምና አውጥቶ ማየቱ ቀላል ሥራ ነው። ፖምፓውም በዚህ ብቻ ከጥርጣሬ አይወጣም፤ የተበላ ፖምፓ በውስጡ ወደ ኋላ የሚያፈሰው ዘይትም ሲሞቅ ይጨምራልና። ይሁን እንጂ ፖምፓ በሞተሩ ውስጥ ሁልጊዜ ዘይት በብዛት የሚያገኝ ክፍል ስለሆነ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እሱ ብቻውን የሚበላበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ፖምፓ ከመቀየር የሚጀምር ምርመራ ብዙውን ጊዜ ኮፓውን (የሞተሩን የታችኛውን የዘይት ሣጥን) ሁለት ጊዜ በማውረድ ይጠናቀቃል።

ምንም ሳይፈቱ የሚያዩአቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዘይቱ ከፍታ ነው። ሳይጨመርበት ከፍ እያለ ከሄደና መለኪያ ዘንጉን ሲያሸቱት ናፍጣ ናፍጣ የሚል ከሆነ፣ ከማቅረቢያው ፓምፕ የተቀደደ ሜምብራን፣ ከናፍጣ ፖምፓው ዘንግ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ወይም ከሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ናፍጣ እየገባ ነው፤ ናፍጣ የገባበት ዘይት ቀጥኖ ግፊት ያወርዳል፣ ቆይቶም ራሱ ብሮንዚናውን ይበላል። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ)፣ የሊነር (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ቱቦ) የታችኛው ጎማ ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው መመርመር አለበት። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው፣ የወጣው ፊልትሮ ነው። የድሮውን ፊልትሮ ካልጣሉት ቆርጠው ይክፈቱት፤ በመጋዝ ግን አይቁረጡ፣ የመጋዙ ብናኝ ውስጥ ገብቶ ያሳስትዎታልና በቧንቧ መቁረጫ ዓይነት ምላጭ እያዞሩ ይቁረጡት። ወረቀቱን በቢላ ነጥለው ዘይቱን በሞርሳ ጨምቀው ካወጡ በኋላ በነጭ ሳህን ላይ በንጹሕ ነጭ ጋዝ ይለቅልቁት፤ የቀረውን ዝቃጭ በማግኔት ይለዩት። ማግኔት የሚይዘው ብረት ከሊነር፣ ከፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ከካምሻፍት ወይም ከጥርስ የመጣ ነው። ማግኔት የማይዘው፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚለሰልስ ግራጫ ስንጥር የብሮንዚና የላይኛው ልባስ ነው። ቀላ ያለ የመዳብ ብልጭታ ካዩ ልባሱ አልቆ ሥሩ ያለው የመዳብ ንብርብር መበላት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሮከር ቡሽና የዘይት ማቀዝቀዣም መዳብ ሊሰጡ ስለሚችሉ ግን ከግራጫው ጋር አብሮ መታየቱን ያጣሩ።

ስለ መተንፈሻው ጭስ የተናገሩትን ከዚህ ጉዳይ ለይተው ያስቀምጡት። ፋሻና ሊነር ሲበሉ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ በብርድ ማስነሳት ያስቸግራል፣ ዘይት ይቃጠላል፣ በመተንፈሻው ጋዝ ይበዛል፤ የዘይቱ ግፊት ግን በዚህ ምክንያት አይወድቅም። ሲሊንደሩ በግፊት ከሚመገቡት መስመሮች ውስጥ የለበትምና። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው የሚታዩት ሞተሩ እኩል ስላረጀ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን ስለሚያመጣ አይደለም።

መልስ 3

እኔ ደግሞ ብዙ ሲደረግ ያየሁትን ልናገር። ዘይቱን በ20ደብሊው-50 ቀይሮ፣ ከመቆጣጠሪያው ቫልቭ ሞላ ሥር ቀጭን ሮንዴላ መጨመር የዚህን ዓይነት ሞተር የእርሻው ወቅት እስኪያልፍ ያሠራል። ሁሉም ሰው በሥራ መሐል ሞተር ማውረድ አይችልም።

መልስ 2 (ለመልስ 3)

በወፍራሙ ዘይት ላይ ብዙም አልከራከርዎትም። ጌጁን ከፍ ያደርገዋል፤ ማኑዋሉ ለአካባቢው ሙቀት የሚፈቅደው ውፍረት ከሆነ ለአጭር ጊዜ መጠቀሙ ጥፋት የለውም፣ ብሮንዚናውን ግን አይመልሰውም። ሮንዴላው ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ትርጉም የለውም። መቆጣጠሪያው ቫልቭ የሚከፈተው ግፊቱ ከተወሰነለት መጠን፣ በብዙ ሞተሮች ከ3.5 እስከ 4 ባር አካባቢ፣ ሲያልፍ ነው፤ በ1.8 ባርና በ0.7 ባር ላይ ቫልቩ አስቀድሞም ዝግ ነው። የተዘጋን በር የበለጠ ቢጫኑት ከመዘጋት አያልፍም። ሮንዴላው ለውጥ የሚያመጣው በብርድ ብቻ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የፊልትሮውን ማሸጊያ ገፍቶ ሊያፈነዳና በፖምፓው መንጃ ጥርስ ላይ ጭነት ሊጨምር ይችላል።

ማንኳኳቱ እንዳለ እርግጠኛ ከሆኑ ደግሞ ወቅቱ እስኪያልፍ የሚለው ምክር አደገኛ ነው። የሚንኳኳ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚናው ተንሸራቶ ከዞረ በኋላ ጉዳቱ ከብሮንዚና ወደ ክራንክ፣ ከክራንክ ወደ ቢዬላው ራሱና ወደ ብሎክ ይሸጋገራል።

ጠያቂው

ስለ ሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። በተመከርኩት መሠረት መካኒካል ጌጅ አሰርኩ፤ በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ 0.6፣ በ2,000 ዙር 1.7 ባር ስላሳየ የዳሽቦርዱ ጌጅ እውነቱን ነበር የሚናገረው። መርፌው አይንቀጠቀጥም፤ ዙር ሲጨምር ቀስ እያለ ይወጣል። ዘይቱ ከፍ አላለም፣ ናፍጣም አይሸትም። በፊልትሮው ዝቃጭ ውስጥ ማግኔት የያዘው እጅግ ጥቂት ነው፤ በጥፍር የሚደቅ ግራጫ ስንጥርና አልፎ አልፎ የመዳብ ብልጭታ ግን አለ።

ማንኳኳቱንም የኢንጀክተሮቹን ቱቦ በተራ በማላላት ፈተሽነው። የሁለተኛው ሲሊንደር ቱቦ ሲላላ ድምፁ ጎልቶ ቀነሰ፤ በሦስተኛውም በመጠኑ ተለወጠ። ከዚህ በኋላ የፊቱን አክስል ደግፈን ኮፓውን አወረድን። የመሳቢያው ወንፊት ንጹሕ ነው። የፖምፓው ክፍተቶች በፊለር ጌጅ ሲለኩ በማኑዋሉ ገደብ ውስጥ ናቸው። የሁለተኛው ቢዬላ ብሮንዚና ግማሽ ፊቱ መዳብ ሆኗል፤ በክራንኩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። የሦስተኛው ልባሱ ተጠርጓል፣ መዳቡ ግን ገና አልታየም። ሁለቱን ዋና ብሮንዚናዎች አውርደን ስናይ ግራጫ ሆነው ጥቂት ጭረት ብቻ አላቸው። አሁን መካኒኩ ክራንኩን በቦታው እንዳለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በመደበኛ ልክ አዲስ ብሮንዚና እንዲገጥም ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ይበቃል?

መልስ 4

እኔ የምሠራው ክራንክ በሚሞረድበት ሬቲፊካ ስለሆነ ከዚህ ክፍል ልጀምር። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ በቦታው ማለስለስ አይበቃም። በእጅ የተሳበ ወረቀት ጭረቱን ያደበዝዘዋል እንጂ ክብነቱን አይመልስም፤ ዋናው ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያየው ጭረት ሳይሆን ዓይን የማያየው ሞላላነት ነው። የቢዬላው ጆርናል፣ ማለትም ብሮንዚናው የሚያቅፈው የክራንኩ ክፍል፣ የሚመታው በአንድ ወገን በመሆኑ ከአንዱ አቅጣጫ የበለጠ ይበላል። በማይክሮሜትር በአንድ ጫፍ በሁለት አቅጣጫ፣ በሌላው ጫፍም እንዲሁ ለኩ፤ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ሞላላነት፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ደግሞ ሾጣጣነት ነው። ብዙ አምራቾች ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ካለፈ እንዲሞረድ ያዝዛሉ። በሞላላ ጆርናል ላይ አዲስ ክብ ብሮንዚና ሲገጠም በጠባቡ በኩል ይነካል፣ በሰፊው በኩል ያፈስሳል፤ ግፊቱ ለጥቂት ጊዜ ደስ አሰኝቶ እንደገና ይወርዳል።

ከመለካታችሁ በፊት የወጣውን ብሮንዚና ጀርባ አንብቡ። 0.25 ወይም 0.50 (ሚሊሜትር) የሚል ምልክት ካለበት ክራንኩ ቀደም ሲል ተሞርዷል ማለት ነው፤ በዚህ ላይ መደበኛ ልክ ያለውን ብሮንዚና መግጠም ክፍተቱን ከበፊቱም ያሰፋዋል። ሞተሩ ስለመታደሱ የተጻፈ ነገር እንደሌለ ነግረውናልና ይህን ሳያረጋግጡ ዕቃ አይግዙ። ምንም ምልክት ከሌለበትና የሁለተኛው ጆርናል ከገደብ ካለፈ ክራንኩ ወጥቶ አራቱም የቢዬላ ጆርናሎች በአንድ ልክ በ0.25 ሚሊሜትር ይቀነሳሉ። ዋናዎቹም በዚያው አጋጣሚ ይለኩ፤ በገደብ ውስጥ ካሉ ሳይነኩ በአዲስ መደበኛ ብሮንዚና ሊቀጥሉ ይችላሉ። ሞራጁ በጆርናሉ ጥግ ያለውን ክብ ማዕዘን በአምራቹ ልክ እንዲመልሰው አጥብቃችሁ ንገሩት፤ ክራንክ ሲሰበር ከዚያ ጥግ ነው የሚጀምረው። ፊታቸው በኬሚካል ሙቀት የጠነከረ አንዳንድ ክራንኮች ከተሞረዱ በኋላ እንደገና መጠንከር እንደሚያስፈልጋቸውም ማኑዋሉን ተመልከቱ።

ክራንኩ እስኪመለስ ድረስ የሚጣራ ሌላ ነገር አለ። ሁለተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ለምን ተበላ? ዘይት ወደ ሁለተኛው ቢዬላ የሚደርሰው በዋናው ብሮንዚና በኩል በክራንኩ ውስጥ በተቦረቦረ ቀዳዳ ነው፤ ያ ቀዳዳ በደለል ጠቦ ሊሆን ይችላል። የክራንኩን መዝጊያ ቡሎኖች አስፈትቶ በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ የብሎኩንም ዋና መስመር መዝጊያዎች ከፍቶ እንዲሁ ማድረግ ያስፈልጋል። የቢዬላውም ትልቁ ዓይን ብሮንዚናው በሌለበት ካፑ ታስሮ ይለካ፤ ከሞላለለ አዲሱን ብሮንዚና በትክክል አይጨብጠውም። የዘይት ማቀዝቀዣ ካለ በውስጡ የተጠራቀመው ስንጥር ታጥቦ ስለማይወጣ መለወጡን እመርጣለሁ።

ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፐርኪንስ 4.236፣ ከክራንኩ ሥር የንዝረት ማመጣጠኛ ክፍል አላቸው፤ የዘይቱም ፖምፓ የዚያ ክፍል አካል ነው። የማመጣጠኛው ዘንጎች ቡሾች በግፊት ዘይት ስለሚመገቡ፣ ከተበሉ ብሮንዚናው ሁሉ አዲስ ሆኖም ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። የእናንተም ሞተር ይህ ክፍል ካለው ፖምፓውን ብቻ ለክታችሁ አትለፉት።

ሲገጠም የእያንዳንዱን ብሮንዚና ክፍተት በፕላስቲጌጅ (ሲጨመቅ ስፋቱ ክፍተቱን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር) አረጋግጡ። ለ63 ሚሊሜትር ጆርናል 0.06 ሚሊሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፤ ገደቡን ማኑዋሉ ይወስናል። የክራንኩን የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ በዳያል ጌጅ ለኩ፤ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ክራንኩን ወደፊት ስለሚገፋው በትራክተር ላይ ይህን እንቅስቃሴ የሚገድበው ዋሸር ቀድሞ ያልቃል። ብሮንዚናዎቹን በመገጣጠሚያ ቅባት ወይም በንጹሕ ዘይት አርሱ፤ የፖምፓውን ሆድ በዘይት ሙሉት፣ ፊልትሮውንም እንዲሁ። ከዚያ የሞተር ማጥፊያውን ስባችሁ ነዳጅ እንዳይሄድ ካደረጋችሁ በኋላ፣ መካኒካል ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ በስታርተር አዙሩት፤ ስታርተሩ እንዳይግል በየመሐሉ አሳርፉት። ግፊት ሳይታይ አታስነሱ። ከተነሣ በኋላ በመካከለኛ ዙር ይሙቅ፤ ሲሞቅም ያንኑ በሚኒሞ፣ በ1,000፣ በ1,500ና በ2,000 ዙር የተጻፈውን ንባብ እንደገና ውሰዱና ከድሮው ጎን ጻፉት። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ 50 ሰዓት ገደማ ሠርቶ ይለወጥ፤ ያንንም ፊልትሮ ቆርጣችሁ እዩት።